ከመሞቅ በፊት መድረቅ
በብርድ፣ በነፋስና በዝናብ ለሚደረግ የጀልባና የእግር ጉዞ እንዴት እንዘጋጅ?

(በአሽቀሎን ለአረጋውያንና ለቤተሰቦቻቸው የተሰጠ የጤና ትምህርት ንግግር)



የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ሥራችሁንና የቤታችሁን ጉዳይ ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እንደምታውቁት በሚቀጥለው ወር ከአሽቀሎን ተነሥተን ወደ ሰሜን እንጓዛለን። በመጀመሪያው ቀን በኪኔሬት ላይ በጀልባ እንሄዳለን፤ በማግስቱ ደግሞ ጎላን ወጥተን በእግር እንጓዛለን። ወሩ ሽቫት ነው። ለውዙ የሚያብብበት፣ ፏፏቴው የሚሞላበት፣ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ዝናቡና ነፋሱ የሚበረታውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሻንጣችን ነው። ምን እንያዝ? ምን እንተው? ከመሄዳችን በፊት ከሐኪም ጋር ምን እንጨርስ?

ምዝገባው ከተጀመረ ወዲህ ከብዙዎቻችሁ አንድ ቃል ሰምቻለሁ። «እኛ በእግራችን ሱዳን የገባን ሰዎች ነን፤ የጎላን ዝናብ ምን ያደርገናል?» ትላላችሁ። ይህ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ያን ጊዜ ወጣት ነበራችሁ። የስኳር መርፌ አልነበረም፤ የደም ግፊት ክኒን አልነበረም፤ ጉልበታችሁም አያምም ነበር። ደግሞም በዚያ መንገድ የቀሩትን ወገኖቻችንን በየዓመቱ እናስባለን። መንገዱ ቀላል እንዳልነበረ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ሳንዘጋጅ የሄድነው ምርጫ ስላልነበረን ነው። ዛሬ ግን ምርጫ አለን።

አንዲት እናት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወላጆች ጋር ወደ ሰሜን ሄጄ ነበር። አብረውን የነበሩ አንዲት እናት ለበዓል የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስና ንጹሕ ጋቢ ለብሰው መጡ። በጣም ያምሩ ነበር። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን፤ ጋቢው ውኃ ጠጣ። ልጃቸው «እማዬ በረደሽ ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። እኔም ጠየቅኳቸው፤ ለእኔም ያንኑ መለሱልኝ። ይንቀጠቀጡ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጡን ተዉ። እኛ ሞቃቸው ብለን ደስ አለን። ወዲያው ግን ንግግራቸው እንደ ሰካራም ተንተባተበ፤ እግራቸው ተሳሰረ፤ የልጃቸውን ስም አሳሳቱ።

መንቀጥቀጡ የቆመው ስለሞቃቸው አልነበረም። ሰውነታቸው ለመንቀጥቀጥ እንኳ ኃይል ስላጣ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ አስገብተን እርጥቡን ሁሉ አውልቀን በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቀለልናቸው፤ አምቡላንስም ጠራን። እግዚአብሔር ረድቷቸው ዳኑ። በኋላ ለምን እንዳልነገሩን ስጠይቃቸው «ሰው ሁሉ በእኔ ምክንያት እንዳይመለስ ብዬ ነው» አሉኝ።

ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። እኔ የጤና ሠራተኛ ሆኜ «ደህና ነኝ» በሚለው ቃል ረክቼ ስለተውኳቸው ጥፋቱ የእኔ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ የእኛ ሽማግሌዎች ግን የሚደብቁት ለራሳቸው ብለው ሳይሆን ለሌላው አዝነው ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ። አንደኛው፣ ከመሞቅ በፊት መድረቅ ይቀድማል። ሁለተኛው፣ «ደህና ነኝ» የሚለው መልስ በብርድ ቀን አይበቃም።

የአባቶቻችን ሦስት ልብስ

ዛሬ የስፖርት ልብስ የሚሸጡ ሰዎች «በሦስት ድርብ ልበሱ» ብለው ያስተምራሉ። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። በወገራ፣ በደባርቅ፣ በስሜን ደጋ ያደጋችሁ አስታውሱ። ውስጥ ቀለል ያለ ልብስ ነበረ፤ በላዩ ከበግ ጸጉር የተሠራ በርኖስ ወይም ባና ይደረባል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እረኛው ከሣር የተጎነጎነውን ገሳ ከላይ ይጥላል። ገሳው አያሞቅም፤ ሥራው ዝናቡንና ነፋሱን መመለስ ነበር። የሚያሞቀው ከሥሩ ያለው በደረቅነቱ እስከቆየ ድረስ ነው።

አሁንም ሕጉ ያው ነው።

የመጀመሪያው ድርብ ከሥጋ የሚገናኘው ነው። ሥራው ላብን ከቆዳ ማራቅ ነው። ለዚህ ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ካኔቴራ ይሻላል። የጥጥ ካኔቴራ ላብና ዝናብ ጠጥቶ ይይዛል፤ ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥብ ሆኖ ከቆዳ ላይ ሲለጠፍ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ጂንስ ሱሪም ጥጥ ነው። ልጆቻችሁ በዝናብ ቀን ጂንስ ለብሰው እንዳይወጡ አድርጉ።

ሁለተኛው ድርብ የሚያሞቀው ነው። የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊዝ የሚባለው ለስላሳ ሹራብ ይሁን። ሱፍ ቢረጥብ እንኳ ሙቀቱን ሁሉ አይለቅም፤ አባቶቻችን በርኖሱን ከበግ ጸጉር ማሠራታቸው በከንቱ አልነበረም። ከአንድ ወፍራም ሹራብ ሁለት ስስ ሹራብ ይሻላል፤ ሲሞቃችሁ አንዱን ታወልቃላችሁ፣ ሲበርዳችሁ ትደርባላችሁ።

ሦስተኛው ድርብ ዘመናዊው ገሳ ነው። ውኃ የማያስገባ፣ ነፋስ የማያሳልፍ፣ ቆብ ያለው ጃኬት ማለት ነው። ጃንጥላ በከተማ ይበቃል፤ በጀልባና በተራራ ላይ ግን ነፋስ ይገለብጠዋል፤ አንድ እጃችሁንም ያስይዛችኋል።

ታዲያ ጋቢያችን ይቅር ወይ? አይቅር። ጋቢው በላስቲክ ተጠቅልሎ አውቶቡስ ውስጥ ይቀመጥ። ከመንገድ ተመልሳችሁ እርጥቡን ልብስ ስታወልቁ፣ ደረቅ ጋቢ እንደመልበስ ያለ ነገር የለም። ጋቢ ለደረቅ ብርድ ነው፤ ለዝናብ አይደለም።

አየሩ ለምን ይለያያል?

እኛ የምንኖረው ባሕር ዳርቻ ነው። የአሽቀሎን ክረምት ይረጥባል እንጂ ብዙ አይበርድም። ኪኔሬት ከባሕር ወለል 210 ሜትር ያህል በታች ስለሆነ እዚያም አየሩ ለዘብ ያለ ነው። ጎላን ግን በአንዳንድ ቦታው 1000 ሜትር ይደርሳል። አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ኪኔሬት ላይ 15 ዲግሪ ከሆነ ላይ ስንደርስ 7 ወይም 8 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመርበት 7 ዲግሪው ለቆዳችን እንደ 2 ዲግሪ ይሰማል። ይህ ሰውየው ደረቅ ከሆነ ነው፤ ከረጠበ ይብሳል። በኢየሩሳሌም ስግድ ላይ ሽቅብ ወጥታችሁ የቆማችሁ ሰዎች ነፋስ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ጠዋት በአሽቀሎን መስኮት አይታችሁ አትልበሱ። የምትሄዱበትን ቦታ የአየር ትንበያ ልጆቻችሁ ከአንድ ቀን በፊት ይዩላችሁ።

በጀልባው ላይ

ከጣና ዳር የመጣችሁ በታንኳ የተሻገራችሁ ናችሁና ውኃ አያስፈራችሁም። ኪኔሬት ከጣና በጣም ያነሰ ነው፤ ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ዙሪያውን በተራራ ስለተከበበ ነፋሱ በድንገት ይነሣል። በክረምት ከምሥራቅ፣ ከጎላን በኩል የሚወርደው ነፋስ ሻርኪያ ይባላል፤ ማዕበሉን ወደ ጥብርያስ ዳርቻ ያነሣዋል። ነፋሱ ከበረታ ጀልባው አይወጣም። የጀልባው ኃላፊ «ዛሬ አንወጣም» ካለ ተዉት፤ አትለምኑት። በጊኖሳር እ.ኤ.አ. በ1986 ከጭቃ ውስጥ የተገኘች ጥንታዊት ጀልባ አለች፤ እሷን በደረቅ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል።

በጀልባ ላይ የምንንቀሳቀሰው ጥቂት ስለሆነ በእግር ከምንሄድበት ጊዜ ይልቅ ይበርደናል። ስለዚህ ጃኬታችሁን ከመሳፈራችሁ በፊት ልበሱ። ኮፍያችሁ ጆሮ የሚሸፍን ይሁን። ወለሉ ስለሚረጥብ በላስቲክ ነጠላ ጫማ አትግቡ።

የሚያጥወለውለው ሰው መካከል ላይ ይቀመጥ፤ ሩቅ ያለውን ዳርቻ ይመልከት፤ ስልክ አይነካካ። ሆዳችሁ ባዶ አይሁን፤ ከመጠን በላይም አትብሉ። ትራቫሚን የሚባለው ክኒን ከመሳፈር ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀድሞ ይወሰዳል። ነገር ግን እንቅልፍ ያመጣል። ግላውኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ወይም የፕሮስቴት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ወይም የፋርማሲ ባለሙያውን ሳይጠይቅ አይውሰድ።

በእግር መንገዱ ላይ

አዲስ ጫማ ለጉዞ ቀን አታስመርቁ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት በሠፈር እየሄዳችሁ አለማምዱት። ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን። የጎላን ድንጋይ ጥቁር ባልጩት መሰል ነው፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ዱላ የለመደ ዱላውን ይያዝ፤ ዱላ ለሽማግሌ ክብር ነው፣ አያሳፍርም።

ዝናብ መጣ ብላችሁ ከመንገድ ወጥታችሁ አትሩጡ። በጎላን ፈንጂ የተቀበረባቸው ቦታዎች አሉ፤ በአጥርና በቢጫ ምልክት ታጥረዋል። ዕብራይስጥ የማያነብ ሰው ቢጫ ምልክት ያለበትን አጥር ካየ አይለፍ። መብረቅ ካለም ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ልጆቻችሁ ወደ በረሃ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ጎርፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአፕሪል ወር በናሐል ጻፊት አሥር ወጣቶች በጎርፍ ሞተዋል። በበረሃ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ጎርፍ የሚመጣው ሩቅ ቦታ ከዘነበ ዝናብ ስለሆነ በራሳችሁ ላይ ሰማዩ ብሩህ ሊሆን ይችላል። ማስጠንቀቂያ በወጣበት ቀን ወንዝ ውስጥ አይገባም፤ ጉዞው ይቅር። የትም ስትሄዱ መንገዱ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የፒኩድ ሃዖሬፍን መመሪያም ስሙ።

ስኳር፣ ደም ግፊትና አስም ያለባችሁ

ወደዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ስኳር በማኅበረሰባችን ውስጥ እንደበዛ ታውቃላችሁ። ስኳር ያለበት ሰው መጓዝ ይችላል፤ ግን ተዘጋጅቶ።

ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ወደ ኩፓት ሆሊማችሁ ሄዳችሁ ነርሷን አማክሩ። ብዙ ስለምትራመዱ የስኳራችሁ መጠን ሊወርድ ይችላል፤ መድኃኒቱ ይስተካከል እንደሆነ እሷና ሐኪሙ ይንገሯችሁ። ኢንሱሊን በረዶ ከሆነ ይበላሻል፤ ተመልሶ ቢሟሟም ይጣላል። ስለዚህ ከአውቶቡሱ ሆድ ውስጥ አይቀመጥ፤ ከማሞቂያም አጠገብ አይሁን። ከጃኬት ሥር ባለ የውስጥ ኪስ ይያዝ። የስኳር መለኪያውም በጣም ሲቀዘቅዝ በትክክል ላይሠራ ስለሚችል አብሮ ከውስጥ ይሁን።

እግራችሁን ማታ ማታ በብርሃን እዩ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚቀንስ ቁስል ቢወጣ ላይታወቅ ይችላል። በዚሁ ምክንያት የቀዘቀዘ እግር ከማሞቂያ ፊት ወይም ከፈላ ውኃ ውስጥ አይደረግ፤ ሳይሰማችሁ ይቃጠላል። ደረቅ የሱፍ ካልሲ ይበቃል።

ሽንት የሚያስወጣ ክኒን የምትወስዱ አንዳንዶቻችሁ በጉዞ ቀን ትተዉታላችሁ፤ «መጸዳጃ ቤት የት አገኛለሁ?» ብላችሁ ነው። ይህ አደገኛ ነው። በራሳችሁ አታቁሙ፤ ሰዓቱ ይቀየር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ውኃ መጠጣትም አትተዉ። በብርድ ጊዜ ጥማት ባይሰማም ሰውነት ውኃ ያጣል። እኛም አውቶቡሱ በየስንት ጊዜው እንደሚቆም አስቀድመን እንነግራችኋለን።

ብርድና ነፋስ ደም ሥርን ያጠብባል፤ ልብንም ያደክማል። ሽቅብ ስትወጡ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ወዲያው ቁሙ፣ ንገሩን። አስም ያለበት ሰው ማሽኤፉን በኪሱ ይያዝ፤ ሻንጣ ውስጥ አይቅበረው። አፍንጫውንና አፉን በሻርፕ ይሸፍን።

ሕፃናት

ሕፃን ያዘለች እናት ስለምትራመድ ይሞቃታል። ሕፃኑ ግን አይንቀሳቀስም፤ እግሩም ከአንቀልባው ወጥቶ ይንጠለጠላል። እሷ ሲሞቃት እሱ ሊበርደው ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው ማጅራቱንና ደረቱን በእጃችሁ ዳስሱ። ሁለት ካልሲ፣ ኮፍያና ትርፍ ልብስ ይኑረው። በሕፃን ላይ መንቀጥቀጥ ላይታይ ይችላል፤ ዝም ካለ፣ ካልጠባ፣ ከፈዘዘ በርዶታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ከሰልና አረቄ

በእንግዳ ማረፊያው ማታ ቡና እንደሚፈላ አውቃለሁ። ቡናው ይፈላ! ነገር ግን የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል፣ ወደ ድንኳን ወይም ወደ አውቶቡስ አይግባ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ግን ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። በኢትዮጵያ ጎጆው አየር ያስገባ ነበር፤ እዚህ መስኮቱ ጥብቅ ነው። በኤሌክትሪክ አፍሉት፣ ወይም ውጭ ሜዳ ላይ ይሁን።

«ጥቂት አረቄ ብርድ ያባርራል» የሚሉም አሉ። አረቄ ፊትን ያሞቃል፤ የሚያሞቀው ግን ከውስጥ ያለውን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ነው። ከዚያ ሙቀቱን ነፋስ ይወስደዋል። ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ይዛችሁ ኑ።

ብርድ የመታውን ሰው እንዴት እናውቃለን?

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋ ነው። ቴርሞሜትር ባይኖርም ምልክቱን እናያለን። በመጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቱ አይታዘዘውም። ቀጥሎ ይደናቀፋል፣ ይንተባተባል፣ ይፈዛል። በመጨረሻ መንቀጥቀጡን ትቶ ተኛ ተኛ ይለዋል።

ስለዚህ «ደህና ነህ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። በአክብሮት «አባባ፣ እስቲ የጃኬትዎን ቁልፍ ይቆልፉልኝ» በሏቸው። «እማማ፣ እጅዎን ያሳዩኝ» በሏቸው። መቆለፍ ካቃታቸው መልሱን አገኛችሁ።

በርዶት የተገኘውን ሰው ከነፋስ አስጠልሉ። እርጥቡን አውልቁ፤ ደረቅ አልብሱ፤ ራሱን ሸፍኑ፤ ከሥሩም አንጥፉለት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር አጠጡት። እጅና እግሩን አትሹት፤ ሙቅ ውኃ አታፍስሱበት። ከፈዘዘ ወይም መንቀጥቀጡን ከተወ ወደ ማጌን ዳዊድ አዶም በ101 ደውሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድም እንዲሁ ይንቀጠቀጣል፣ ይፈዛል። ለኩት። ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። መለኪያ ከሌለና መዋጥ ከቻለ ስኳሩን ስጡት። ራሱን የሳተን ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ 101 ደውሉ።

በትልቅ መርከብ ለምትሄዱ

አንዳንዶቻችሁን ልጆቻችሁ ከሐይፋ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ወይም ወደ ግሪክ ሊወስዷችሁ አስበዋል። መልካም ነው። የተናገርነው ሁሉ ለእናንተም ይሠራል። በተጨማሪ መድኃኒታችሁን ከቀኑ ቁጥር በላይ ለጥቂት ቀናት አስተርፋችሁ ያዙ፤ በእጅ ሻንጣ ይሁን። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ ያለባችሁን በሽታ ሁሉ ተናገሩ፤ የተደበቀ በሽታ ላይሸፈን ይችላል። ብዙ ሰው አብሮ ስለሚበላ እጃችሁን በሳሙና ቶሎ ቶሎ ታጠቡ።

ሻንጣችን

አሁን ሁሉን እናጠቃልል። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ከረጢት ያዘጋጅ።

በአውቶቡስ የሚቀር ከረጢት፦ ሙሉ ቅያሪ ልብስ ከውስጥ እስከ ውጭ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ሌላ ጫማ፣ ፎጣና ጋቢ። ሁሉም በላስቲክ ተጠቅልሎ።

በጀርባ የሚያዝ ከረጢት፦ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ትርፍ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሻርፕ፣ ውኃ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ስኳር ላለባችሁ ጣፋጭ ነገር፣ ባዶ ላስቲኮች ለእርጥብ ልብስ። ኪሳችሁ ውስጥ መድኃኒታችሁ፣ መነጽራችሁ፣ ባትሪው የሞላ ስልክ።

ሌላም አለ፤ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው። ልጆቻችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ስማችሁን፣ በሽታችሁን፣ የመድኃኒታችሁን ስምና የቤተሰብ ስልክ በዕብራይስጥ ይጻፉላችሁ። በላስቲክ ውስጥ ሆኖ ከደረት ኪስ ይቀመጥ። ሰው ሲበርደው አፉ ይያያዛል፤ ዕብራይስጥ ይቅርና አማርኛውም ይጠፋዋል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ይናገርለታል።

የተከበራችሁ ወላጆቼ፤ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ትሉን ነበር። በዚህ ጉዞ ምክሩን መልሼ ለእናንተ አቀርባለሁ። ልብሳችሁ እንደረጠበ፣ ብርዱ ገና ሳይገባ ተናገሩ። አንድ ሰው ቢበርደው ሁላችንም እንመለሳለን፤ ማንም አይቀየምም። ፏፏቴው በሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል። እናንተን ግን ወስደን መልሰን ለልጆቻችሁ ማስረከብ አለብን።

በደህና ሄደን በደህና እንድንመለስ እግዚአብሔር ይርዳን።